ከድንበር ማዶ የሚመጣው እንግዳ

ኢትዮጵያ የአገር ጉብኝትን ሥራ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደረጃ አደራጅታ መምራት ከጀመረች ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሥራው ሲወጠን «የ13 ወር ፀጋ» የተባለው መጠሪያ ወጣ፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና ባሕር ዳርም በአንድ የጉብኝት መሥመር ተያያዙ። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም.፣ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ደግሞ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ራሱን የቻለ የቱሪዝም ልማት ፖሊሲ የወጣው ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ነው። ፖሊሲው ከያዛቸው ቁም ነገሮች አንዱ በመስህብ ስፍራዎች ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ በሥራው ተሳታፊ፣ ከገቢውም ተጠቃሚ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ይህ መልካም ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ፖሊሲ በጽሑፍ ላይ ምን እንደሚል ማወቅና ቃሉ በአንዲት የጠረፍ ከተማ በር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ቱሪዝም ሲነገር በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ጐብኚ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በአውሮፕላን ተሳፍሮ አዲስ አበባ የሚያርፍ፣ ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለና በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ነው። ሆቴሉ የሚሠራው፣ አስጐብኚው የሚሠለጥነው፣ መጽሔቱም የሚታተመው ለእርሱ ነው። ለዚህ ሰው ድንበር ማለት የካርታው ጫፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚታይ ነገር ያለ አይመስለውም። የአስተዳደር ሰዎችም በበኩላቸው ድንበርን የሚያስቡት የወታደርና የጉምሩክ ጉዳይ አድርገው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ የተለየ ነው። በጠረፍ አካባቢ የቱሪዝም ፖሊሲ ሥራ ላይ የሚውለው ከጎረቤት ሲጀመር ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል ስለ ቀብርና ስለ ሠርግ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ስለ ገበያና ስለ መንገድም ይሠራል። ነገሩን ከቦታው ለማየት በአማራ ክልል በምዕራብ ጎንደር ዞን ከምትገኘው ከመተማ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

መተማ ከጎንደር ከተማ በስተምዕራብ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በቆላው ውስጥ የምትገኝ የጠረፍ ከተማ ናት። ከማዶዋ የሱዳኗ ጋላባት አለች። ሁለቱን የሚለያቸው በበጋ የሚደርቅ ጠባብ ወንዝና በላዩ የተዘረጋው ድልድይ ነው። ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት አገር ስለሆነ በመኸር ወራት ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ሙቀቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ወባም አለ። ይህን የሚያነብ ተማሪ «እዚህ ምን ጐብኚ ይመጣል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መልሱን ታሪክ ይሰጣል። በመተማ በኩል የሚያልፈው መንገድ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የታወቀ የነጋዴና የመንገደኛ ጐዳና ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ በሰናር በኩል አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር ገብቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ሰናር ተመልሷል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መተማ ቡና፣ ማር፣ ሰምና ወርቅ የሚሸጥባት፣ በሚያሳዝን ሁኔታም ሰው እንደ ዕቃ የሚለወጥባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ዛሬ የምናውቀው የድንበር ውል የተፈረመው በግንቦት 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ነው። እንግዲህ መንገዱ ከድንበሩ ይቀድማል ማለት ነው። እንግዳም በዚህ መንገድ ሲመላለስ የኖረው የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ከመፈጠሩ በፊት ነው።

አሁን ደግሞ የመንገዱን ሌላ ጫፍ እንመልከት። በካርቱም ደቡባዊ ክፍል ጀብራ የሚባል ሰፈር አለ። የሱዳኑ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እስከ ፈነዳ ድረስ በካርቱም ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንዱ ነበር። በእንዲህ ያሉት ሰፈሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን በሰው ቤት ሠራተኛነት፣ በሻይና በቡና ሽያጭ፣ በምግብ ቤት፣ በጠጉር ሥራና በሹፌርነት ይተዳደሩ ነበር። የካርቱም ሰው ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀውን ብዙውን ነገር ያወቀው ከእነርሱ ነው። እንጀራና ዝግን የቀመሰው፣ ጀበና ሲንተከተክ ያየው፣ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን የሰማው በእነርሱ ደጃፍ ነው። በአዲስ አበባ የመሐመድ ወርዲና የሰይድ ኸሊፋ ድምፅ እንግዳ እንዳልሆነ ሁሉ በካርቱምም የኢትዮጵያ ዜማ እንግዳ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የማይከፈላቸው የአገራቸው አስተዋዋቂዎች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በፖሊሲው አፈጻጸም ውስጥ ግን ስማቸውን ያነሣ ብዙ ሰው አልተገኘም።

የዚህ ጉርብትና ውጤት በዓይን የሚታይ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ሱዳናውያን ቤተሰቦች በዒድ በዓልና በሙቀቱ ወራት ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይመጡ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 400 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከካርቱም እስከ ገዳሪፍ ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ከገዳሪፍ እስከ ጋላባትም 150 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አለ። ከዚያ በኋላ ጓንግንና የጭልጋን ዳገት ያየ መንገደኛ በሁለተኛው ቀን ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል።

አንድ የጀብራ ነዋሪ ሱዳናዊ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመን፣ ይህን ጉዞ አደረገ እንበል። ጋላባት ደርሶ ከአውቶቡስ ይወርዳል። በአንደኛው በኩል ማኅተም ያስመታል፤ ሻንጣውን ተሸክሞ ድልድዩን ይሻገራል፤ በሌላው በኩል ደግሞ ተሰልፎ ማኅተም ያስመታል። ሻንጣው ሁለት ጊዜ ይፈተሻል። ፀሐይዋ እያናጠረች ልጆቹ ውኃ ይጠይቃሉ። ጥላ ያለው መቀመጫ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና የሕክምና ቦታ የሚያመለክት በዐረብኛ የተጻፈ ሰሌዳ ቢፈልግ አያገኝም። ገንዘቡን የሚለውጥለት፣ መኪና የሚፈልግለት፣ ሆቴል የሚያሳየው ደላላ ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያን መንግሥት ወክሎ እንግዳውን መጀመሪያ የተቀበለው ደላላው ሆነ ማለት ነው። ደላላው ክፉ ሰው ነው ለማለት አይደለም፤ እርሱም እንጀራው ነው። ነገር ግን ዋጋው የተጻፈ አይደለም፤ ቢያታልልም የሚጠይቀው የለም።

ስለ ፖሊሲ አፈጻጸም በጥልቀት ሊታሰብበት የሚገባው ቦታ ይኸው ድልድይ ነው። በሩን የሚጠብቀው ኢሚግሬሽን የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ጉምሩኩም እንዲሁ። የሆቴሉን ንጽሕና የሚቈጣጠረው የክልሉ ባለሥልጣን ነው። ቆሻሻውን የሚያነሣው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ሁሉም ካለፈ በኋላ የጐብኚ ቁጥር መዝግቦ ወደ በላይ ያስተላልፋል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ሥራ ሠርቶ ይሆናል፤ እንግዳው ግን የማንም እንግዳ አይደለም። በአገራችን ልማድ የመሸበት መንገደኛ ከአንድ ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሲል ባለቤቱ ይወጣለታል። በመተማ ድልድይ ላይ የጎደለው ይህ ባለቤት ነው።

ይህን ለማቃናት አዲስ ጥበብ መፍጠር አያስፈልግም። በደቡብ ከኬንያ ጋር በምንዋሰንበት በሞያሌ በ2013 ዓ.ም. የአንድ ማዕከል የድንበር አገልግሎት ተመርቋል። የዚህ አሠራር ፍሬ ነገር የሁለቱም አገሮች ሠራተኞች በአንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው መንገደኛው በሚገባበት በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ተስተናግዶ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። በሞያሌ ለጭነት መኪናና ለነጋዴ የታሰበው ነገር ሰላም ሲወርድ በመተማ ለቤተሰብ የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም። በግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ለወረዳው ተሰጥታ፣ ዐረብኛ የሚችል አንድ ሠራተኛ ተቀምጦባት፣ የመኪናና የመኝታ ዋጋ በግድግዳዋ ላይ ቢለጠፍ ደላላውም ራሱ ወደ ሕጋዊ አገልግሎት ሰጪነት ይለወጣል።

ሌላው ሳይነገር የሚታለፍ ጉዳይ የአንድ ሌሊት እንግዳ ነው። በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ሕግ መጠጥ ከተከለከለ በኋላ፣ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2020 ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች እስከ ላላ ድረስ፣ ወደ መተማ ከሚሻገሩት መካከል ለመጠጥ ብቻ የሚመጡ ጥቂቶች አልነበሩም። ማታ ገብተው ጠዋት ይመለሳሉ። መጠጥ ቤቶች በዙ፤ ከድህነት የሸሹ ወጣት ሴቶች ከየአገሩ ተሰባሰቡ፤ በሽታም ተከተለ። በመዝገብ ላይ ይህም «የጐብኚዎች ቁጥር ጨመረ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ቁጥር ያስደስታል የሚል ሰው ካለ መተማ ሄዶ ያሳደጉትን እናቶች ይጠይቅ። ስለዚህ የጠረፍ ቱሪዝም የሚለካው በገባው ሰው ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። ስንት ሌሊት አደረ? ከማን ገዛ? ቤተሰቡን ይዞ ለመመለስ ፈለገ ወይስ ብቻውን ተደብቆ መጣ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ቅጽ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

የጀብራው ቤተሰብ ጎንደር ገባ እንበል። እዚህም ከሩቅ ለሚመጣው ጐብኚ የተዘጋጀው ነገር ለእርሱ ልኩ አይሆንም። በአገራችን የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ የተለየ መሆኑ የታወቀ ነው። ብዙዎቹ የጉብኝት ሆቴሎች ግን በወጥ ቤታቸው ይህን ለይተው አያስቡም። ሱዳናዊው እንግዳ አፍሮ ዕንቁላልና ዳቦ ሲበላ ይሰነብታል፤ ወይም ከተማውን ዞሮ የእስላም ምግብ ቤት ይፈልጋል። የስግደት ቦታና የቂብላ አቅጣጫ የሚያሳይ ምልክት ማዘጋጀት ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? በፋሲል ግቢ ውስጥ ዐረብኛ የሚናገር አስጐብኚ ማዘጋጀትስ?

እንግዳው ሊሰማው የሚገባው ታሪክም አለ። የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ከሰናርና ከምጽዋ ጋር ይነግዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ባዘዙ ጊዜ መኖሪያቸው የሆነችው አዲስ ዓለም ከቀሐ ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። አስጐብኚው ይህን ሰፈር አልፎ ወደ ግንቡ ብቻ ሲወስደው፣ ከሰናር ለመጣ ሰው የሚቀርበውን የታሪኩን ገጽ ዘግቶበታል። ታሪኩ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ላይሆን ይችላል፤ ተለይቶ መኖርን የሚያዝ ዐዋጅ ምን ማለት እንደ ሆነ ሙስሊም እንግዳ ይገባዋል። ቢሆንም እውነት ስለሆነ ሊነገር ይገባል።

ጎረቤት ገንዘብ የለውም፤ ከፈረንጁ የሚገኘው ይበልጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። በአንድ ቀን ወጪ ሲታሰብ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ሁለት ነገር ይዘነጋሉ። አንደኛ፣ የሩቁ እንግዳ የሚመጣው በአብዛኛው ከመስቀል እስከ ጥምቀት ባሉት ወራት ነው። በክረምት የጎንደር ሆቴሎች ባዶ ይሆናሉ፤ አስተናጋጁ ይቀነሳል፤ ባለ ጋሪውና ባለ ሱቁ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የካርቱም ሰው ብርድን ፍለጋ የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። ዒድም የሚውለው በጨረቃ አቈጣጠር ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ወራቱን ሁሉ ይዞራል። ሁለተኛ፣ ከአውሮፓ የመጣው ጐብኚ በዕድሜው አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው። ጎረቤት ግን ከወደደ በየዓመቱ ይመጣል፤ ወንድሙንም ያስከትላል። የሚያልፈውም በመተማ፣ በሸህዲና በአይከል መንደሮች በኩል እንጂ በሰማይ ስላልሆነ ምሳውን በየመንገዱ ይበላል።

መተማ ራሷ መሻገሪያ ብቻ ሆና መቅረት አይገባትም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የቈሰሉትና የሞቱት በዚህ ሜዳ ነው። ከዚያ ቀደም ሲል የመሐዲስቶች ጦር ጎንደር ድረስ ዘልቆ ከተማዋን አቃጥሏል። ይህን ታሪክ ለሱዳናዊ እንግዳ እንዴት መንገር ይቻላል? አንዳንዶች ቢተው ይሻላል ይላሉ። እኔ ግን መተዉ እንግዳን መናቅ ይመስለኛል። ለእኛ ንጉሠ ነገሥት የወደቀበት የሐዘን ቦታ ነው፤ ለእነርሱም አያቶቻቸው በሺህ የረገፉበት ሜዳ ነው። በአንድ ሰሌዳ ላይ በአማርኛና በዐረብኛ የሁለቱንም ወገን ሙታን አክብሮ መጻፍ ይቻላል። ድል አድራጊነቱን በመጠኑ፣ ጥፋቱን በልኩ የሚናገር ሰው ማሠልጠን ከባድ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ምናልባትም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከተነሡት ሥራዎች ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው።

ከመተማ በስተደቡብ የቋራ ወረዳ አለ። የዐፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር ነው። በዚህ ወረዳ ውስጥ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. በክልሉ መንግሥት ተቋቋመ። ከድንበሩ ማዶ የሱዳን የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ይቀጥላል። ዲንደር የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም የሕይወት ከባቢ ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። የዲንደር ወንዝ ራሱ የሚነሣው ከእኛ ደጋ ነው፤ በእኛ በኩል አይማ ይባላል። ዱሩ አንድ፣ ወንዙ አንድ፣ አውሬውም አንድ ነው። በበጋ እንስሳቱ በዲንደር በኩል ማያ ተብለው በሚጠሩት ረግረጋማ ኩሬዎች ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ይበታተናሉ። ድንበር የሚባል ነገር እንዳለ ለአንበሳ የነገረው የለም።

በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በአላጥሽ ውስጥ ካሜራ ተክለውና ዱካ ተከትለው አንበሶች መኖራቸውን አረጋገጡ፤ በሁለቱ ፓርኮች በአንድነት ከ100 እስከ 200 ሊደርሱ እንደሚችሉም ገመቱ። ዜናው «ያልታወቁ አንበሶች ተገኙ» ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተሰማ። የቋራ እረኛ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ ለማወቅ ያጓጓል፤ ከብቶቹን በየሌሊቱ ከአንበሳ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው አንበሳው ያልታወቀ አልነበረምና። ይህን የአካባቢ ዕውቀት ደመወዝ ወደሚያስገኝ ሙያ መለወጥ፣ ማለትም እረኛውን ጥበቃና መንገድ መሪ አድርጎ መቅጠር፣ ፖሊሲው «ሕዝቡ ተጠቃሚ ይሁን» ሲል የተናገረው ነገር ነው። አለዚያ ፓርኩ ለገበሬው የግጦሽ መሬት የነጠቀው ክልል ብቻ ሆኖ ይታየዋል፤ ለእርሻ ሲል እሳት ይለቅበታል።

የሁለት አገር ፓርኮች ጉርብትና በሌላም የአፍሪካ ክፍል ተሞክሯል። በታንዛንያው ሴሬንጌቲና በኬንያው ማሳይ ማራ መካከል ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የቆላ አጋዘን መሰል እንስሳት በየዓመቱ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ ግን በፓርኮቹ መካከል የነበረው የጐብኚዎች መተላለፊያ ተዘጋ፤ ማኅበረሰቡ ዳግመኛ ከተቋቋመም በኋላ ለዐሥርተ ዓመታት ሳይከፈት ቆየ። ከዚህም የተነሣ እንስሳቱ በአንድ ቀን የሚያልፉትን ድንበር ጐብኚው ብዙ ኪሎ ሜትር ዞሮ ያልፈዋል። በደቡብ በኩል ደግሞ ደቡብ አፍሪካ፣ ሞዛምቢክና ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2002 ታላቁን የሊምፖፖ ድንበር ዘለል ፓርክ ለማቋቋም ተዋውለው፣ በፓርኩ ውስጥ ራሱ የድንበር በር ከፍተዋል። አንድ በር አንድ ጊዜ ከተዘጋ መልሶ መክፈት የሚጠይቀው ጊዜ ከመዝጋቱ ጋር አይመጣጠንም።

እዚህ ላይ አንባቢው «ጦርነት ባለበት አገር ስለ ሽርሽር ማውራት ምን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአልፋሽቃ መሬት ምክንያት በሁለቱ አገሮች መካከል ግጭት ተነሥቷል። የጋላባትና የመተማ መተላለፊያ በተለያዩ ጊዜያት ተዘግቷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ በዚሁ ድልድይ ላይ የመጣው ጐብኚ ሳይሆን ነፍሱን ለማትረፍ የሸሸ ሕዝብ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልልም ግጭት ተቀሰቀሰ። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የሰፈሩት ስደተኞች ዝርፊያና ጥቃት ደርሶባቸው ነበር። ከጎንደር መተማ በሚወስደው መንገድም መንገደኞች ታግተዋል። ይህን ሸፍኖ ስለ ቱሪዝም መጻፍ አይቻልም፤ አያዋጣምም። ከካርቱም የሸሸው መምህር ወይም ነጋዴ ነገ ሰላም ሲሆን ለልጆቹ የሚነግራቸው በመተማ ያገኘውን ውኃና ዳቦ፣ ወይም በመተማ የተቀማውን ስልክ ነው። የትኛውም የማስታወቂያ ጽሑፍ ከዚህ ትዝታ በላይ አይሰማም።

ስለዚህ የጸጥታው ጉዳይ ከቱሪዝም ይቀድማል የሚለውን እቀበላለሁ። ጐብኚ ዛሬ ወደ መተማ ይምጣ የሚል ሰው ቢኖር ኃላፊነት የጎደለው ነው። የማልቀበለው ሰላም እስኪመጣ ድረስ ምንም አይሠራም የሚለውን ነው። ገበሬ ዝናብ ከጣለ በኋላ አይደለም ሞፈር የሚቈርጠው። የሰሌዳው ጽሑፍ፣ የወጥ ቤቱ ሥርዓት፣ የቋንቋው ትምህርት፣ የእረኛው ቅጥር፣ በድልድዩ ላይ ባለቤት የሚሆነው መሥሪያ ቤት ማንነት፣ እነዚህ ሁሉ በሩ ተዘግቶ ሳለ ሊመከርባቸው የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ከሁሉም በፊት ሊያዝ የሚገባው ደግሞ ሰው ነው። ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ከጀብራና ከሌሎች የካርቱም ሰፈሮች ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። አንዳንዶቹ ዐሥርና ሃያ ዓመት በሱዳን የኖሩ ናቸው። ዐረብኛን በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሮ ተምረዋል። ሱዳናዊ እንግዳ ሻዩን ምን ያህል ስኳር አድርጎ እንደሚጠጣ፣ በምን እንደሚቀየም፣ ሽማግሌውን በምን ስም እንደሚጠሩት ያውቃሉ። ሻንጣቸውን ሳይዙ ስለመጡ ባዶ እጃቸውን የመጡ መስለው ታዩ፤ በየዘመዱ ቤትም ተበተኑ። የአስጐብኚ ችሎታ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም ለዚህ ሥራ አላሰባቸውም። በካርቱም ምግብ ቤት የነበራት ሴት በመተማ ወይም በጎንደር የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ልትመራ ትችላለች፤ በገዳሪፍ መንገድ የነዳ ሹፌር መንገዱን በጨለማም ያውቀዋል። የጎንደር ወይም የመተማ የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አንድ መዝገብ ከፍቶ የእነዚህን ሰዎች ስም፣ ሙያና ቋንቋ ቢጽፍ ወጪው የመዝገቡ ዋጋ ነው።